ዕድር ከቀብር በፊትም ሥራ አለው

አንድ ሰፈር የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ይደግፍ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው አዲስ ማኅበር፣ ቢሮና ባነር ነው። አብዛኛው ሰፈራችን ግን የሚያስፈልገው ነገር በእጁ አለ። የአባላት መዝገብ አለ፤ እያንዳንዱን በር የሚያውቅ ጥሩምባ ነፊ አለ፤ ወርሃዊ ስብሰባና መዋጮ አለ፤ ወንበርና ድንኳን አለ። ችግሩ ይህ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው። በሽታው ዓመታት ይወስዳል። እነዚያን ዓመታት ቤተሰቡ ብቻውን ይገፋቸውና መጨረሻው ላይ ሰፈሩ በሙሉ ለቅሶ ይደርሳል።

በቅድሚያ ስለ ስሙ። «ጃጅተዋል» የሚለው ቃል በሽታውን ከእርጅና ጋር ያምታታዋል፤ እርጅና ነው የተባለን ነገር ደግሞ ሐኪም ዘንድ የሚወስደው የለም። ጃፓኖችም ይኸው ችግር ነበረባቸው። ሲጠቀሙበት የነበረው ይፋዊ ቃል ሞኝነትን ያዘለ ስለነበር በ2004 እ.ኤ.አ. ቀየሩት። በዓመቱ ተራ ነዋሪዎችን ማስተማር ጀመሩ፤ ትምህርቱ 90 ደቂቃ ያህል ነው፣ የጨረሰ ሰው ለብዙ ዓመታት ብርቱካናማ የእጅ አምባር ይሰጠው ነበር። እስካሁን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ተምሯል፤ ከመካከላቸው የባንክ ሠራተኞች፣ ሱቅ ሻጮችና ተማሪዎች አሉ። እኛ ጋ ያለው የተሻለ ቃል «የመርሳት በሽታ» ነው፤ እሱም ጎዶሎ ነው። በሽታው ከትውስታ ሌላ ማመዛዘንን፣ ቃል ማግኘትን፣ የዓይን ግምትንም ይነካል። ደጃፍ ላይ የተነጠፈ ጥቁር ምንጣፍ ጉድጓድ መስሎ ሊታያቸው ይችላል። «እልኸኛ ሆኑ፣ አልገባም አሉ» የተባሉት እናት ምናልባት ጉድጓድ እንዳይገቡ ነው የቆሙት። ምንጣፉን ማንሳት ከክርክሩ ይቀላል።

ጎረቤት በሽታውን ዘግይቶ የሚያውቀው በሰላምታችን የተነሳ ጭምር ይመስለኛል። «እንዴት አደሩ? ልጆች ደህና?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው መልስ ሳያስቡት የሚመጣ ነው፤ ብዙ ነገር ከተረሳ በኋላም ይቆያል። አምስት ደቂቃ ቆሞ ያወራ ጎረቤት «ምንም አልሆኑም እኮ» ብሎ ይሄዳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትነሳ ያደረችው ልጅ ውሸታም ትመስላለች። የሰላምታ መልስ ምርመራ አይደለም፤ አብሮ የሚያድረውን ሰው ማመን ይሻላል።

ሌላው ልማዳችን «ማን ነኝ? አወቁኝ?» ማለት ነው። በፍቅር የሚጠየቅ ቢሆንም ፈተና ነው፤ በሰው ፊት ያዋርዳል። ከፊት ለፊት መቅረብ፣ ተቀምጠው ከሆነ ዝቅ ማለት፣ ከዚያ ራስን ማስተዋወቅ፦ «እማማ፣ እንደምን ዋሉ፤ የባለወፍጮው ልጅ ነኝ።» አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠየቅ፤ መልሱ እስኪመጣ በልብ እስከ አሥር ይቆጠር። «ምን ላቅርብልዎ?» ከማለት «ሻይ ነው ቡና?» ይቀላል። አንቱታው እንዳይቀር፤ እንደ ሕፃን ማባበል ሲጀመር ብዙዎቹ ይገባቸዋል፣ ይቆጣሉም። አማርኛን አድገው የተማሩ ሰዎች ደግሞ ወደ ልጅነት ቋንቋቸው ሊመለሱ ይችላሉ። ጉራጊኛ ወይም ኦሮምኛ የሚችል ጎረቤት በሳምንት አንድ ቀን ቢመጣ ከመድኃኒት የማይተናነስ እፎይታ ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ባሉ ቤቶችም እንግሊዝኛው ወይም ዕብራይስጡ ቀድሞ ሄዶ አማርኛው ብቻውን ሊቀር ይችላል፤ የሚንከባከበው ሰው አማርኛ የማይችል ከሆነ ያኔ ነው ጉዱ።

ወደ ሱቅ እንሂድ። አባት ጠዋት ስኳር ገዙ፣ ረፋድ ላይ ገዙ፣ ከሰዓትም መጡ። «አሁን ወስደዋል እኮ» ብሎ መመለስ ያጣላል፤ ዝም ብሎ መሸጥ ደግሞ ኪስ ያራቁታል። የሚሠራው ከቤተሰቡ ጋር አስቀድሞ መስማማት ነው። ባለሱቁ ይሸጣል፣ በዱቤ ደብተሩ ጥግ ይመዘግባል፣ ያልተከፈተውን ቤተሰቡ ማታ ይመልሳል። ኪሳቸው ውስጥ ጥቂት ዝርዝር ብር ብቻ ይኑር፤ ባዶ ኪስ ግን አይሁን፣ ገንዘብ የሌለው አባወራ መሆን ራሱ ያስጨንቃቸዋል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩና ባለ 200ው ሲጨመር የትናንቱን የማይዝ አእምሮ አዲሱን ኖት አልለመደም፤ «ይሄ የሐሰት ብር ነው» ብለው ቢመልሱ ባለሱቁ አይቆጣ፣ በትንንሽ ኖት ይቀይርላቸው። በድሮ ዋጋ ቢከራከሩም ልዩነቱ በደብተሩ ላይ ይያዝ።

ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚጎዳው የሌብነት ክስ ነው። «ገንዘቤን ሰረቀችኝ» ሲባል የመጀመሪያዋ ተጠርጣሪ የቤት ሠራተኛዋ ናት። ምንም ሳታጠፋ ከሥራ ልትባረር፣ ፖሊስ ጣቢያም ልትደርስ ትችላለች። ሰው ሲፈራ ይደብቃል፣ የደበቀበትን ይረሳል፣ ዕቃው ሲጠፋበት ሌባ ይፈልጋል። ስለዚህ ማንም ከመጠርጠሩ በፊት ፍራሽ ሥር፣ ዱቄት ጆንያ ውስጥ፣ መሶብ ውስጥ፣ በመጽሐፍ ቅዱሱ ገጾች መሃል ይፈለግ። መደበቂያው ብዙ ጊዜ ያው ስለሆነ አንዴ ከተገኘ ይመዝገብ። ትክክለኛውም ሌባ አለ፦ የቤት ካርታና ውክልና ይዞ የሚመጣ ዘመድ። የዕድር ሽማግሌዎች «ያለ እኛ ምስክርነት ፊርማ አይሰጥ» ቢሉ ሕጋዊ ሥልጣን ባይኖራቸውም አጭበርባሪውን ያሳፍራል።

አሁን ስለ መጥፋት፤ የጥሩምባ ነፊው ዋና ሥራ እዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ፈቃደኛ ቤተሰብ፣ ከተቻለም በራሳቸው በታማሚው ፈቃድ፣ የዕድሩ ጸሐፊ አንድ ወረቀት ይይዛል። የሚጠሩበት ስም (የመታወቂያው ሳይሆን ሲጠሩት የሚዞሩበት)፣ የቅርብ ጊዜ ፎቶ፣ የሰውነት ምልክት፣ ቋንቋ፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ ሁለት ስልክ ቁጥር። ከሁሉ በላይ ደግሞ የድሮ ሰፈራቸው፣ የድሮ መሥሪያ ቤታቸው፣ የሚሳለሙት ደብርና ታቦቱ የሚነግሥበት ቀን። «ቤቴ ልሂድ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚሄደው ከሠላሳ ዓመት በፊት ወደነበረበት ቤት ነው።

ሰው ጠፋ ሲባል መጀመሪያ ቤቱና ግቢው ይፈተሽ፤ ሽንት ቤት፣ ማድ ቤት፣ አልጋ ሥር፣ የጎረቤት ግቢ። ይህ ከ15 ደቂቃ አይለፍ። ቀጥሎ አንድ ሰው ስልክ ይዞ ቤት ይቀመጥ፤ ይህ የሚረሳ ነገር ነው፣ ሁሉም ተንጋግቶ ይወጣና እናት ራሳቸው ሲመለሱ በሩ ተዘግቶ ያገኙታል፣ ተመልሰው ይሄዳሉ። የቀረው ሰው በአራት አቅጣጫ ይከፈል፤ ሁሉም ወደ አስፋልቱ ከሮጠ ወንዙ ዳር የሚፈልግ አይኖርም። አንዱ ወደ ታክሲ ተራ ሄዶ ለተራ አስከባሪው ፎቶ ያሳይ፤ ወያላዎች ከፌርማታ ፌርማታ በስልክ ይደዋወላሉ። አንዱ ፖሊስ ጣቢያ ይሂድ፣ «ትንሽ እንጠብቅ» ማለት የለም። ጥሩምባው ለቀብር ከሚነፋው የተለየ ይሁን፤ ሦስት አጭር ተብሎ አስቀድሞ ካልተነገረ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። ቴሌግራም ላይ የተለቀቀው ፎቶ ሰውየው እንደተገኙ ይጥፋ።

ያገኛቸው ሰው ከኋላ ጮሆ አይጥራ፤ ይደነግጡና ይሮጣሉ። ከፊት ቀርቦ፣ ሰላም ብሎ፣ ወደሚሄዱበት ጥቂት እርምጃ አብሮ ሄዶ «እግረ መንገዳችንን ቡና ጠጥተን እንሂድ» ማለት ይመልሳል። ኦሙታ በምትባል የጃፓን ከተማ ነዋሪዎች ይህንኑ በልምምድ ይሠሩታል፤ አንድ ሰው የጠፋ መስሎ ይዞራል፣ ሌላው ቀርቦ ማናገርን ይማራል። በአንድ እሑድ ከሰዓት የሚያልቅ ነገር ነው፣ ወጪም የለውም።

በልብስ ላይ የሚሰፋ ቁጥርም ይረዳል። አንገት ላይ የሚንጠለጠል ወረቀት ያወልቁታል፣ ያሳፍራልም። ቁጥሩ በክር ተጠልፎ በኮቱ ወይም በቀሚሱ ውስጠኛ ጠርዝ ይሰፋ፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ በሁለተኛው እጥበት ይለቃል። ስልክ ብቻ በቂ ነው፤ የቤት አድራሻ ለክፉ ሰው ይጠቅማል። በሚዘወተሩት ልብሶች ሁሉ ላይ ይሰፋ፣ በጠፉበት ቀን የሚለብሱት ሌላውን ነውና።

ለቅሶ ቤት የራሱ ጣጣ አለው። ድንኳኑ፣ ዋይታው፣ የማያውቁት ፊት ሁሉ ያስደነግጣቸዋል፤ ጨርሶ ማስቀረት ደግሞ ከሰው መቁጠር ማቆም ነው። ሰው ሳይበዛ ይምጡ፣ ጀርባቸው ወደ ግድግዳ ይቀመጡ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆዩ፣ አንድ የሚያውቁት ሰው ከጎናቸው አይለይ። መርዶም እንዲሁ። የባል ወይም የልጅ መርዶ እንደ ወጉ ሰው ባለበት አንድ ጊዜ ይነገር። በማግስቱ «የት ሄደ?» ብለው ሲጠይቁ «ሞተዋል እኮ፣ ነገርንዎት» ማለት መርዶውን እንደ አዲስ መንገር ነው፤ በየቀኑ አዲስ ሐዘን ይሆናል። «ናፈቁዎት? ምን ነበር የሚወዱት?» ብሎ ስለ ሰውየው ማውራት ውሸትም አይደለም፣ ጭካኔም አይደለም።

የንስሐ አባትና ኢማም ሐኪም የማይደርስበት ቦታ ይደርሳሉ። የታመመ ሰው ከጾም ነፃ ነው፤ ሆኖም «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ» ያሉ እናት ውኃም ሳይጠጡ ይውላሉ፣ የውኃ ጥም ደግሞ ግራ መጋባትን ያባብሳል። የንስሐ አባታቸው ፈቃዱን በቃል ነግረው በወረቀትም ቢጽፉላቸው፣ በየቀኑ ክርክሩ ሲነሳ ወረቀቱ ይነበባል። ጸበልም ቢሆን መድኃኒቱን አስቁሞ፣ በንጋት ብርድ፣ ወይም በሰንሰለት መሆን የለበትም። አንድ ነገር ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይወቅ፦ ይህ በሽታ ቀስ ብሎ ነው የሚገፋው። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከተባባሰ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው ወይም የሌለ ነገር ካዩ፣ ኢንፌክሽን፣ የውኃ ጥም፣ አዲስ መድኃኒት ወይም ከመውደቅ የመጣ የጭንቅላት ጉዳት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ድባቴም የመርሳት በሽታ መስለው ይታያሉ፣ ይታከማሉም።

የሚያስታምመውን ሰው «ምን ልርዳሽ?» ማለት እምብዛም አይሠራም፤ መልሱ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ምንም» ነው። «ሐሙስ ከስምንት እስከ አሥር እኔ እቀመጣለሁ፣ አንቺ ውጪ» ማለት ይሠራል። ዕድሩ በሳምንት ሁለት ተራ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ቢያወጣ አራት ሰው ይበቃል፤ ሰው በየቀኑ አይቀያየር፣ አዲስ ፊት ያደክማቸዋል። የሚቀመጠው ሰው ሥራ ይስጣቸው፦ ቡና መልቀም፣ ቄጤማ መጎዝጎዝ፣ ምስር መንቀስ። እጅ የለመደውን አይረሳም። ከሰሉ ግን በሌላ ሰው እጅ ይሁን፤ የኤሌክትሪክ ምጣዱም ባልተፈለገበት ሰዓት ከቆጣሪው ይጥፋ።

ይህን ሁሉ በአንድ ስብሰባ ለመንገር መሞከር አያዋጣም። እሑድ ከቅዳሴ የመጣ ሰው መዋጮውን ከፍሎ መሄድ ነው የሚፈልገው። በየወሩ 20 ደቂቃ፣ ለሦስት ወር፦ በመጀመሪያው ሰላምታና ሱቅ፣ በሁለተኛው ፍለጋ፣ በሦስተኛው ተራ ማውጣት። ጥሩምባ ነፊው፣ ባለሱቁ፣ ጥበቃውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቢቀሩ ስብሰባው ወደ ሌላ ቀን ይዛወር፤ የዕድሩ ዳኛ ቢቀሩ ግን ይቀጥላል። ጸሐፊ ሲቀየር ወረቀቶቹ ተቆጥረው በርክክብ ሰነዱ ላይ ይግቡ፤ አለበለዚያ ከአሮጌው ጸሐፊ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራሉ።

የፈረሱ ሰፈሮች ነገር ከባድ ነው። ነባሩ ዕድር በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል፣ ብሎኮቹም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ደረጃውም፣ በሩም። እዚያ የሚጀመረው ከበር ነው። በዓይን ቁመት ላይ የሚያውቁት ነገር ይንጠልጠል፣ የድሮ ቤታቸው ሰፌድ ወይም ሙዳይ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የቤት ቁጥር አይበቃም። ከዚያ የታችኛው ወለል ጎረቤት፣ የብሎኩ ጥበቃና የበሩ ባለሱቅ የቤተሰቡን ስልክ ቁጥር ይያዙ። የድሮው ዕድር ጸሐፊ ስልክም አብሮ ይያዝ፤ ሲጠፉ የሚሄዱት ወደዚያ ስለሆነ።