አንኮበር የሚሄድ ሰው ከጉሙ ይቅደም

አንኮበር ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደብረ ብርሃን አድሮ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መነሳት ይበጃል፤ ምክንያቱ ጉሙ ነው። ከቆላው የሚነሳው አየር ገደሉን ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል፤ አርፍዶ የደረሰ ሰው ያን ሁሉ ገደልና ሸለቆ ሳያይ ነጭ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይመለሳል። ሐምሌና ነሐሴ ጨርሶ አይመከሩም፤ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ግን ሰማዩም ጥርት፣ ገብሱም ያማረ ነው።

ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ያዙ፤ የጥቅምት ውርጭ አጥንት ይሰብራል። የሚያነዱ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይውረዱ፤ ፍሬን እየረገጡ መውረድ ሸራውን ያግለውና መያዝ ያቅተዋል።

ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ካገኛችሁ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ቂጡ ላይ ተቀምጦ፣ ሣሩን በሁለት ጣቱ ቅጠል በቅጠል እየነጨ፣ ሳይነሳ ወደፊት ይንፏቀቃል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ያኔ በደንብ ይታያል። ዳቦ እንዳትሰጡት! ከለመደ ማሳ ይገባል፣ ከገበሬው ጋር ይጣላል።

የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ በእግር ይወጣል፤ ጫማችሁ የማያንሸራትት ይሁን።