«ሌላ ኮርስ ነው እንዴ የምፈትነው?»

ዛሬ ከአንድ አንጋፋ መምህር ጋር የኮርስ አውትላይናቸውን (ኮርሱ ምን እንደሚያስተምር የሚዘረዝረውን ወረቀት) ስንከልስ ዋልን። ገና ቁጭ ሳንል «ልጄ፣ ሃያ ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ምኑን ልታስተካክሉት ነው?» አሉኝ።

አልተከራከርኩም። የአምናውን የፋይናል ፈተና ብቻ ጠየቅኳቸው።

ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። አውትላይኑ «ተማሪው ይተነትናል፣ ይገመግማል» ይላል። ፈተናው ግን ዘርዝር፣ ዘርዝር፣ ትርጉሙን ጻፍ። በቀይ እስክሪብቶ አንድ በአንድ አከበቡ። ከ40 ጥያቄ ትንተና የሚጠይቀው 2 ብቻ ሆነ። መነጽራቸውን አወለቁና «ታዲያ እኔ ሌላ ኮርስ ነው እንዴ የምፈትነው?» ብለው ሳቁ።

ቀጥለው ደግሞ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማንያ ተማሪ ነው ያለኝ። የሰማንያ ሰው ትንታኔ ማን ያርምልኛል?»

መልስ አልነበረኝም። እኛ አሰልጣኞች «ተማሪ ተኮር» ስለሚባለው የማስተማር ዘዴ ሦስት ሰዓት ሙሉ በስላይድ እንለፈልፋለን (እሱም ራሱ ሌክቸር ነው እኮ!)፤ የእርማቱን ክምር ግን አናነሳም። ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና በ2015 ከመጣ ወዲህማ ክለሳ ማለት ምዕራፍ መጨመር መስሏል።

ሊወጡ በሩ ላይ ቆሙ። «ሁለት ምዕራፍ ቆርጬ ልምጣ?»

«ሦስትም ይቻላል፣ ጋሼ።»