በአንድ ሌሊት 10 ኩንታል አፈር

የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ሲዘንብ እኔ ማሳው ላይ አልነበርኩም። ጊዜው ሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ደሴ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ የቆርቆሮውን ጩኸት እየሰማሁ ነጋ። መኪና አግኝቼ፣ ከዚያም ጭቃውን በእግሬ አቋርጬ ስደርስ እኩለ ቀን አልፎ ነበር። መንገድ ላይ ሳለሁ ሌላ ዝናብ ጥሎ የሌሊቱንና የቀኑን ጎርፍ የሚታጠበውን አፈር ለመለካት ባስቀመጥኩት በርሜል ውስጥ ቀላቅሎታል። ሁለተኛው በርሜልም ሞልቶ ይፈስ ነበር። የትኛው ጎርፍ ምን ያህል አፈር እንዳመጣ መለየት አይቻልም። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ከዓመት በላይ የተዘጋጀሁበት ቀን እንዲህ አመለጠኝ።

የማጠናው ከደሴ በስተደቡብ፣ ወደ ማይባር አቅጣጫ ባለ አንድ ተዳፋት ላይ ጎርፍ በክረምት ምን ያህል አፈር እንደሚወስድ ነበር። አካባቢውን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ ግብርና ሚኒስቴር ጋር የአፈር ጥበቃ ምርምሩን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 የጀመረው ማይባር ላይ ነው። በኋላ አንዲት ጢድና አንጀኒን የመሳሰሉ ጣቢያዎች ተጨመሩ። ምርምሩን የመሩት ሃንስ ሁርኒ በአሜሪካ ማሳዎች ላይ ተመሥርቶ የተሠራውን የአፈር መሸርሸር ስሌት ለኢትዮጵያ ተራሮች እንዲስማማ አስተካከሉት። በዚያው አቆጣጠር በ1993 ባወጡት ግምት ደግሞ ከአገራችን የሰብል መሬት በአማካይ በየዓመቱ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ካጸደቃቸው 17 የዘላቂ ልማት ግቦች 15ኛው ስለ መሬት መራቆት የሚናገር ነው። እኔ ያንን ግብ ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ የእኛ ተዳፋት ነው። ከዚህ የሚነሣው አፈር ወደ ቦርከና ይወርዳል፤ ቦርከናም ኮምቦልቻንና የጨፋን ሜዳ አልፎ አዋሽ ይገባል።

የበርን ሰዎች ጥናት ውስጥ በጥሞና ያላነበብኩት ነገር ቢኖር መለኪያዎቹ አጠገብ የሚኖር ሰው እንደነበራቸው ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ወጥቶ የሚለካ፣ የአካባቢው ሰው። እኔ ግን የመለኪያ ማሳውን መጠን፣ የበርሜሎቹን አቀማመጥና ስሌቱን ከጽሑፎቻቸው ወስጄ ሰውየውን ትቼው ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ስፋቱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ ቁልቁል 15 ሜትር የሆነ መሬት በቆርቆሮ ይታጠራል። ከግርጌው ጎርፉ ወደ አንድ በርሜል ይገባል። በርሜሉ ሲሞላ ትርፉ በ10 እኩል ቀዳዳዎች ይወጣል፤ ከአንዱ ቀዳዳ የሚወጣው ብቻ ወደ ሁለተኛው በርሜል ይሄዳል፤ ያንን በ10 ማባዛት ነው። ውኃው በደንብ ተማስሎ አንድ ሊትር ይቀዳል፣ ይጣራል፣ አፈሩ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ24 ሰዓት ደርቆ ይመዘናል። ሁለት ማሳ አዘጋጀሁ። አንዱ ገበሬው እንደ ልማዱ ጤፍ የዘራበት ነው። ሌላውም ጤፍ ነው፤ ነገር ግን ባለፈው ክረምት በመሃሉና በግርጌው አግድም ደሾ ሣር ተተክሎበታል።

ያ ቀን ካመለጠኝ በኋላ የማሳውን ባለቤት አማከርኳቸው። ሁሉም «አያ» እያለ ነው የሚጠራቸው። «ሌሊት እየተነሣ የሚለካልኝ ሰው አገኛለሁ ወይ?» አልኳቸው። 10ኛ ክፍል የምትማር ልጃቸውን ጠሩ። በወር ትንሽ አበል ቆረጥኩላት፤ ባትሪ፣ ማስመሪያ፣ ጠርሙሶችና ደብተር ሰጠኋት። ደብተሩ ላይ የምትጽፈውን አሳየኋት። በሁለተኛው ሳምንት እኔ ያላሰብኩትን አምድ ራሷ ጨምራ አገኘሁት፤ ዝናቡ የጀመረበትንና ያባራበትን ሰዓት ትጽፍ ነበር። በጥናቴ ውስጥ ጥሩ ከምለው ነገር ግማሹ የወጣው ከዚያ አምድ ነው።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ሌሊት ከአንድ ሰዓት ላነሰ ጊዜ የዘነበ ዝናብ ከልማዳዊው ማሳ 12 ኪሎ ግራም ደረቅ አፈር አወረደ። ሣር ከተተከለበት የወረደው አራት ኪሎ ተኩል ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ሳምንታት የወረደው አፈር በሙሉ ቢደመር የዚያን ሌሊት አያህልም። ስለ አፈር መሸርሸር መጻሕፍት የሚሉትን፣ ከዓመቱ ጉዳት አብዛኛው በጥቂት ዝናቦች እንደሚደርስ፣ ያኔ በእጄ ዳሰስኩት። ምክንያቱንም ቆሜ አየሁት። ጤፍ አፈሩ እስኪልም ድረስ ደጋግሞ መታረስን ይፈልጋል፤ የሚዘራውም ክረምቱ ሲያይል ነው። ዝናቡ በሚበረታበት ሰሞን ማሳው ልብስ የለውም። ከአንድ ወር በኋላ ያው ዝናብ ቢመጣ ጤፉ አፈሩን ሸፍኖ ይጠብቀዋል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ውጤቱን ለጎረቤቶቹ ለመናገር ቡና ተፈላልን። ይህን በአማካሪዬ ትእዛዝ አላደረግኩትም፤ መሬታቸውን ለክቼ ዝም ብዬ መሄድ ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው። አቦሉ ላይ «በአንድ ሌሊት በሄክታር 4 ቶን» አልኩ። ማንም አልመለሰልኝም። ቶናው ሲቀዳ ልጅቷ ከጓዳ ሆና «አባባ፣ በጥማድ 10 ኩንታል ማለት ነው» አለች። ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው፤ ስሌቷ ትክክል ነበር። አያ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ሱብሃን አላህ! ጤፉ 3 ኩንታል፣ አፈሩ 10?»

ከዚያ በኋላ ወሬው ለበረካው አልበቃም። እርከን ለምን እንደማይወዱ የነገሩኝ ያን ቀን ነው። ካቡ ለአይጥ ቤት ሆነ፤ በጠባብ እርከን ላይ በሬ ማዞር አይቻልም፤ ከትንሿ ማሳ ላይ ቦታ ይወስዳል፤ በዘመቻ ተሠርቶ ሲፈርስ የሚጠግነው የለም። ሣሩ ግን ለከብት ይታጨዳል፤ ስለዚህ ስለ ሣሩ ደጋግመው ጠየቁኝ። እኔ በጥናቴ ንድፍ ላይ «አርሶ አደሮች እርከን የሚያፈርሱት በግንዛቤ እጥረት ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ማታ ደሴ ተመልሼ ያንን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኩት። ከእኔ በፊት ስንቱ ተማሪ ያንኑ ጽፎ እንደተመረቀ ሳስብ ተናደድኩ። አይጡን፣ በሬውንና የማሳውን ጥበት የማይቆጥር የአፈር ጥበቃ ሊቅ የሆነው ሰነድ ላይ ብቻ ነው።

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። እኔ ከከተማዋ ወጣሁ። ታኅሣሥ ላይ ስመለስ ማድረቂያው ምድጃ የለም፣ ሚዛኑ የለም፣ መረጃዬን የያዘው ኮምፒውተር የለም። በከረጢት ያስቀመጥኳቸው ናሙናዎች ወለሉ ላይ ተደፍተው አንዱ ካንዱ አይለይም። ስንቶች ሰው ባጡበት ወር ስለ አፈር ማልቀስ ስለከበደኝ ለማንም አልተናገርኩም። መንገዱ ሲከፈት የሄድኩትም ቤተሰቡ በሕይወት መኖሩን ለማየት ነበር። ደህና ነበሩ። ሰላምታው ሲያበቃ ልጅቷ ወደ ጓዳ ገባችና ደብተሩን ከጎታ ውስጥ አውጥታ፣ የእህሉን አቧራ እያራገፈች ሰጠችኝ። የክረምቱ ዝናብ ሁሉ በቀንና በሰዓት፣ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውኃ ከፍታ በሴንቲ ሜትር፣ እኔ መዝኜ የነገርኳት ክብደት ሳይቀር በእሷ እጅ ተጽፎበታል። መመረቂያ ጽሑፌ የተሠራው ከዚያ ደብተር ነው።

ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን ሁሉ በሁለት ቅጂ እይዛለሁ፤ አንዱ ቅጂ መሬቱ ባለበት ቤት ይቀመጣል። ጥናቱ ከተጠናቀቀ በኋላም በርሜሎቹን አላነሣሁም። የአንድ ክረምት ልኬት ለዲግሪ ይበቃ ይሆናል፤ ሣሩ በድርቅ ዓመትና በጎርፍ ዓመት እንዴት እንደሚይዝ ግን አይነግርም። አሁን የምንለካው አያ የጠየቁትን ነው፤ በሣሮቹ መካከል ያለው ርቀት ስንት ቢሆን በሬ በደህና ዞሮ አፈሩም ይቀራል? በ6 ሜትር፣ በ9 ሜትርና በ12 ሜትር ተክለናል። የ6 ሜትሩን አያ ገና ከመጀመሪያው አልወደዱትም፤ በሬዎቹን አስገብተው አሳዩኝ፤ ልክ ነበሩ።

በዚህ ክረምት የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጣለ። ስልኬ ጠራ። ከጀርባዋ ጎርፉ ይሰማል።

«ጋሼ፣ የ12 ሜትሩ ሁለተኛ በርሜል መግባት ጀምሯል። የ9 ሜትሩ ገና ነው» አለችኝ።