ውሃው ከየት መጣ?

ጠርሙሱን ከነዳጅ ጉድጓዱ አፍ የሞላሁት ራሴ ነኝ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ድፍድፍ ነዳጁ ወደ ላይ እስኪንሳፈፍ ጠበቅኩ። ጥቁሩ ክፍል የጠርሙሱን ሩብ ብቻ ያዘ። የቀረው ሁሉ ውሃ ነው። ከሁለት ወር በፊት ከዚሁ ጉድጓድ ከሚወጣው 100 በርሜል ፈሳሽ ውሃው 20 ብቻ ነበር። አሁን 75 ገብቷል። ለአንድ በርሜል ድፍድፍ ሩብ በርሜል ውሃ እናወጣ የነበርን ሰዎች ሦስት በርሜል ማውጣት ጀመርን።

ስብሰባ ላይ ሁሉም በአንድ አፍ "ኮኒንግ ነው" አለ። ኮኒንግ ማለት ከድፍድፉ በታች የተኛው ውሃ፣ ፓምፑ ሲበረታበት፣ እንደ ሾጣጣ ወደ ላይ ተስቦ ሲገባ ነው። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ፓምፑን ቀዝቀዝ ማድረግ። እኔም አመንኩ። ፓምፑን ቀነስን። የውሃው ድርሻ ጭራሽ ጨመረ። ስድስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ቻን ግራፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የቀረበው ይህ ዘዴ የውሃና የድፍድፍ ሬሾን፣ ከነለውጡ ፍጥነት፣ በሎጋሪዝም ስኬል ከጊዜ አንጻር ያሳያል። ሬሾው እያደገ የለውጡ ፍጥነት ከወረደ ኮኒንግ ይጠረጠራል። ሁለቱም አብረው ከወጡ ውሃው በአንድ ቀጭን ንብርብር ሾልኮ መጥቷል ይባላል። ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን ጉድጓዱ በወር አንዴ ብቻ ከተለካ የምታዩት መስመር ሳይሆን የተበተነ ነጥብ ነው። የኛም እንደዚያ ነበር። በግራፍ ብቻ ፍርድ መስጠት አልወድም።

እውነቱን ያወጣው ጨው ነው። ጉድጓዱ ሥራ ሲጀምር የተመረመረው ውሃ በሊትር 60,000 ሚሊግራም ክሎራይድ ነበረው። የኔ ጠርሙስ 8,000 አካባቢ ሆኖ ተመለሰ። ከታች የሚመጣ ውሃ በሁለት ወር እንዲህ አይለዝብም። ይህ ከላይ፣ ከጥልቀቱ በጣም የራቀ፣ ሌላ ውሃ ነው። ደግሞ አንድ ሌሊት ዘግተነው ስንከፍት ለሰዓታት ውሃ ብቻ ተፋ።

ፓምፑን አውጥተን፣ ጉድጓዱ እንደተዘጋ፣ የሙቀት መለኪያ አወረድን። ስክሪኑ ፊት ቆሜያለሁ። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ሙቀቱ እንደወትሮው ይጨምራል። 640 ሜትር ላይ ቀጥ አለ። ከዚያ በታች እስከ ድፍድፉ አለት ድረስ መጨመሩን ተወ ማለት ይቻላል። ኬሲንጉ፣ ማለትም የጉድጓዱን ግድግዳ የሚሸፍነው የብረት ቧንቧ፣ እዚያ ተበልቶ ተበስቷል። ቀዝቃዛው ውሃ በቀዳዳው ገብቶ ቁልቁል እየወረደ፣ ግፊቱ የደከመውን አለት ያጥለቀልቃል። ፓምፑን መቀነሳችን ታዲያ የጠቀመው ለውሃው ነው።

ኮኒንግ ነው ብለን ከታች ሲሚንቶ ብንገፋ ኖሮ ድፍድፉ የሚገባበትን ቀዳዳ እንደፍን ነበር። ይህን ሳስብ ሆዴ ይረበሻል። ውሃ ሁሉ ጠላት አይደለም፤ ድፍድፉን እየገፋ አብሮት የሚመጣም አለ። እሱን መዝጋት ድፍድፉንም መዝጋት ነው።

ኬሲንጉ ከተበሳበት ቦታ በታች መዝጊያ አስቀምጠን፣ ሲሚንቶውን 640 ላይ ገፋን፣ እስኪደርቅ ጠበቅን፣ በግፊት ፈተንነው። ያዘ። ወደ አለቱ የገባው ውሃ ተመልሶ እስኪወጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በየጠዋቱ ጠርሙስ ሞላሁ። የመጨረሻው ላይ ውሃው 24 በመቶ ነበር፤ ክሎራይዱም ወደ ድሮው ቁጥር ተጠግቷል።