ፖርቱላካን ከዘር፦ ጣጣው ውሃው ላይ ነው

በስተመጨረሻ መሬቱ አልታይ አለ! ከዘር ያበቀልኩት ፖርቱላካ ያንን ጠጠራም መደብ ሸፍኖልኛል። ስለዚህ ትንሽ ልኩራበት፣ ከዚያ ያስቸገረኝን ልንገራችሁ።

ለማታውቁት፣ ፖርቱላካ መገኛው ደቡብ አሜሪካ ነው። ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሳንቲሜትር ነው፤ የሚያድገው ወደ ጎን ነው። ውሃ የሚያጠራቅመው በወፍራም ቅጠሉ ውስጥ ነው። አበባው ፀሐይ ሲያገኝ ይፈካል፣ ሲመሽ ወይም ሲደምን ይከደናል።

የመዝራቱን ነገር ቶሎ ልለፈው። ዘሩ በጣም ደቃቅ ነው፤ ትንፋሽ ይበትነዋል። ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሉት፣ አፈር በያዘ ትሪ ላይ በትኑት፣ በመዳፍ ጫን አድርጉት፣ በቃ። አፈር አታልብሱት፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። አፈሩ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ከሞቀ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ብቅ ይላል። ከቀዘቀዘ ግን አትድከሙ።

ጣጣው የሚጀምረው ከበቀለ በኋላ ነው። ፖርቱላካ ድርቅ ይችላል የሚባለው ካደገ ወዲያ ነው። ገና የበቀለው ሥሩ ወደ ታች አልወረደም፤ ላዩ ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል። ውሃ ስታበዙለት ደግሞ ፈንገስ ይመጣል። ማታ ቆሞ የተዋችሁት ጠዋት ተኝቶ ይጠብቃችኋል። ጎንበስ ብላችሁ ስታዩት ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ ምንም የሆነ አይመስልም። ግንዱ ግን አፈሩን የሚነካበት ቦታ ላይ ሟሽሾ ቀጥኗል። አንዱ ሲወድቅ ጎረቤቱ ይከተላል። ትሪው ላሽ እንደበላው ራስ እዚህም እዚያም ክብ ክብ መላጣ ያወጣል።

ብዙ ሰው “ቀረፋ ነስንስበት” ይላል። ሞክሬዋለሁ። ሽታው ደስ ይላል፣ ሌላ ጥቅም አላየሁበትም። የወደቀ ችግኝ እንደሆነ አይነሳም።

እኔን የገላገለኝ ከሥር ማጠጣት ነው። ሥሩ የተበሳሳውን ትሪ ጥቂት ውሃ የያዘ ዝርግ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። አፈሩ ውሃውን ከታች ይስባል። ላዩ ጠቆር ማለት ሲጀምር ወዲያው አወጣዋለሁ፤ እዚያው ተረስቶ ካደረ ያው ጭቃ ነው። ደግሜ መቼ እንደማጠጣ የማውቀው በክብደቱ ነው። ትሪውን ብድግ ሳደርገው ከቀለለኝ ጠምቶታል ማለት ነው። ትሪውን የምሸፍንበትንም ፕላስቲክ የመጀመሪያዎቹ እንደበቀሉ አነሳዋለሁ። አየር ካልተዘዋወረ ከሥር ማጠጣቱም አያድንም።

ችግኙን ማሳሳትም ግድ ነው፤ የተጨናነቀ ቦታ እርጥበቱ አይለቅም። ትርፉን በመቀስ ቁረጡት እላችኋለሁ። እኔ ራሴ ግን አላደርገውም። ጤነኛ ችግኝ ስቆርጥ አንጀቴ አይችልም። በስቴኪኒ እየፈለቀቅኩ ሌላ ቦታ እተክለዋለሁ፤ ብዙው ይሞትብኛል፣ እኔም አልሰማ ብያለሁ።

የማዳበሪያ ወዳጆች አትቀየሙኝና ይህ አበባ ፍግ አይፈልግም። ስታበዙለት ቅጠል ይሰጣችኋል፣ አበባ ይነፍጋችኋል። ውሃ የሚያሳልፍ ደሃ አፈርና በቀን ቢያንስ የ6 ሰዓት ፀሐይ ይበቃዋል። ውሃ የሚያቁር መሬት ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጋችሁ አሸዋ ቀላቅሉበት። አንዴ ሥር ከያዘ በኋላ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ። አፈሩ በደንብ ሳይደርቅ ውሃ አታሳዩት።

ዘር ለመሰብሰብ ካሰባችሁ ፍሬውን ጠብቁት። ትንሽዬ ክዳን አለው፤ ሲደርቅ ክዳኑ ራሱ ይነሳና ዘሩ ይፈሳል። ካልቀደማችሁት መሬት ወሰደው። ከድርብርብ አበባ የለቀማችሁት ዘር ነጠላ አበባ ሊያወጣም ይችላል። ቁርጥ እናቱን የሚመስል የሚፈልግ ሰው ከጫፉ ጣት የሚያህል ቆርጦ እርጥብ አሸዋ ላይ ይሰካው፤ ሥር ለማውጣት አያስቸግርም። ቢጫውን እንደዚያ እያራባሁት ነው። የቀረውን በዘሩ እቀጥላለሁ፤ ምን ቀለም ይወጣ ይሆን እያሉ መጠበቁ ይጥመኛል።