ለማግነም ባሩድ ስመርጥ

ጥይት ቤቴ እንደምሞላ የሰማ አበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ «አብደሃል እንዴ?» ነው። አላበድኩም። እዚህ ኮሎራዶ ሕጋዊ ነው፤ ዕቃውም የአደን ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። ጥቅምት ላይ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን የምወጣው ራሴ በሞላሁት ጥይት ነው። ከቀናኝ ደግሞ ኅዳር 15 ጾሙ ሳይገባ ሥጋውን ለመጨረስ የምንሯሯጠው ሩጫ ሌላ ታሪክ ነው።

ጠብመንጃዬ .300 ዊንቸስተር ማግነም ነው፤ ጥይቱ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣ። ማግነም የሚባለው ብዙ ባሩድ የሚይዝ ኃይለኛ ጥይት ነው። በፊት .30-06 ነበረኝ። የሁለቱ አረር ውፍረት አንድ ነው፣ ልዩነቱ ቀለሁ ላይ፣ ማለትም ባሩዱ የሚሞላበት ቆርቆሮ ላይ ነው። የማግነሙ ቀለህ ሲሶ ያህል የበለጠ ይይዛል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቀለሁ ትልቅ ከሆነ ቶሎ ቦግ የሚል ባሩድ የሚፈልግ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ግልባጩ ነው፤ ማግነም የሚወደው ቀስ ብሎ የሚነደውን ነው።

ገለባና ፍልጥ አስቡ። ፈጣኑ ባሩድ እንደ ገለባ ነው፤ አረሩ ገና ከቦታው ሳይነቃነቅ ጋዙ ሁሉ አንዴ ይወጣና ግፊቱ ጣሪያ ይነካል። ቀርፋፋው እንደ ፍልጥ አረሩ አፈሙዙ ጋ እስኪደርስ እየነደደ ከኋላ ይገፋዋል። ለዚህ ጥይት የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በስኩዌር ኢንች 64,000 ፓውንድ ነው። ያ ሁሉ የሚታመቀው ደግሞ ጉንጬ አጠገብ ስለሆነ ቀልድ አላውቅም።

እኔ የሞከርኳቸው ባሩዶች ኤች 1000 እና ኤች 4831 ናቸው። ሁለቱም ቀርፋፋ ናቸው፣ ቀለሁንም ከሞላ ጎደል ይሞሉታል። ይህን በጣም እወደዋለሁ፤ ተዘናግቼ ሁለቴ ብጨምር ሞልቶ ይፈስና ያጋልጠኛል። «ታዲያ ቀነስ አድርጌ ብሞላስ? ትከሻዬንም አይመታኝ» የሚል አይጠፋም። አይሆንም! ቀርፋፋ ባሩድን የአምራቹ የመሙያ ሰንጠረዥ ላይ ካለው ዝቅተኛ መጠን በታች መሙላት ራሱ አደገኛ ነው። ለስላሳ ጥይት የፈለገ .30-06ን ይግዛ።

ሌላው ነገር የአየሩ ጠባይ ነው። ጥይቱን የምሞክረው ሐምሌ ላይ ነው፣ ሸሚዝ ጀርባ ላይ በሚጣበቅበት ሙቀት። የምተኩሰው ግን በረዶ ላይ ተኝቼ፣ ጣቴ ምላጩን አልሰማ ሲለኝ። አንዳንዱ ባሩድ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፣ ሲበርድ ይለግማል። ኤች የሚል ፊደል ያለባቸውን ሁለቱን የመረጥኩትም ለሙቀትና ለቅዝቃዜ እንዳይበገሩ ተብለው ስለተሠሩ ነው። ክፋታቸው ቅርጻቸው ነው። እንደ ተቆራረጠ ስፓጌቲ ስለሆኑ መስፈሪያው ውስጥ ይሰነቀራሉ፣ ስለዚህ እያንዳንዱን በሚዛን ነው የምለካው። ድቡልቡሉ ዓይነት እንደ ጤፍ ይወርዳል፣ ለመስፈር ቀላል ነው፣ ለመቀጣጠል ግን ያስቸግራል፤ ብዙ ጊዜ ጠንከር ያለ የማግነም ፕራይመር (ባሩዱን የሚለኩሰው) ይፈልጋል። ምሽቱን ሙሉ ሚዛን ላይ ማፍጠጥ ለእኔ ይሻለኛል።

አሁን ስህተቴን ልናገር። 4831 የሚባል ባሩድ ሁለት ነው፦ ኤች 4831 እና አይ ኤም አር 4831። የመጀመሪያው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ፣ ለ20 ሚሊሜትር መድፍ የተሠራ ባሩድ ነበር፤ ብሩስ ሆጅደን የሚባል ሰው ገዝቶ ለአዳኞች መሸጥ ጀመረ። ሁለተኛው በኋላ መጣ፣ የሚነደውም ከመጀመሪያው ፈጠን ብሎ ነው። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ የአንዱን መጠን ለሌላው መውሰድ ቀላል ነው። እኔም ወሰድኩ። አይ ኤም አሩን ከፍቼ በኤቹ ሰንጠረዥ 14 ቀለህ ሞላሁ። 15ኛው ላይ ስልክ ተጠራ፣ አውርቼ ስመለስ ዓይኔ ጣሳው ላይ አረፈ። ላብ አጠመቀኝ። አረር ስላልገጠምኩባቸው 14ቱንም ወደ ጣሳው ገለበጥኳቸው፣ የዚያን ቀን ሌላ አልሞላሁም።

ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ጣሳ በላይ አይቀመጥም። አይ ኤም አሩ ላይ ደግሞ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በትልቁ «አይ!» ብዬ ጽፌበታለሁ። ባለቤቴ ስታየው «ይኼስ ምን ማለት ነው?» አለችኝ። እንዳነበብሽው ነው አልኳት።