ይሄ የቤንዚን ጀሪካን ነገር

ድሬ ላይ መብራት ሲጠፋ የሱቃችን ፍሪጅ ብዙ አይታገስም። ጀነሬተር እናስነሳለን። ችግሩ ቤንዚን መቅዳቱ ነው።

እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ቀይ የፕላስቲክ ጀሪካን አምጥታልኝ ነበር። እዚያ ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ትነት እንዳይወጣ የሚል ደንብ ስላለ አፉ በሞላ (በስፕሪንግ) ነው የሚዘጋው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሞላውን ገፍተህ፣ የሞላ ጀሪካን አዘንብለህ፣ በዚያ ላይ አየር ማስገቢያ ስለሌለው እየተንዶቀዶቀ ይረጫል። አንድ ማታ እጄና የጭስ ማውጫው ላይ ፈሰሰ። ብረቱ ትኩስ ቢሆን ኖሮስ? እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቢጫው የዘይት ጀሪካንም አይሆንም፤ በኛ ፀሐይ ሆዱ ይነፋል።

በመጨረሻ ቀፊራ ገበያ አሮጌ የብረት ጀሪካን አገኘሁ፣ ባለ 20 ሊትር። ሻጩ «አቦ፣ በዚህ የልጅ ልጅህም ይቀዳበታል» አሉኝ። ጀርመኖች በ1930ዎቹ የሠሩት ዓይነት ነው። ስሙም እንግሊዞች ጀርመኖችን «ጄሪ» ከማለታቸው የመጣ ነው። ሦስት እጀታ ስላለው ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ይሸከመዋል። ጎኑ ላይ የታተመው መስቀል ቤንዚኑ በሙቀት ሲሰፋ ብረቱን ያፍታታዋል። አፉ ውስጥ ደግሞ ቀጭን የአየር መንገድ አለው፣ ዝም ብሎ ይወርዳል።

ውስጡን በባትሪ አየሁ፣ ዝገት የለም። የክዳኑን ጎማ ብቻ አስቀየርኩ። ሃይላንድ ለሁለት ቆርጬ በአንገቱ በኩል ታንከሩ አፍ ላይ እሰካለሁ፣ ጀነሬተሩ እስኪበርድ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እቀዳለሁ። ትናንት አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።